የማክዱጋል ቤተሰብ ታሪክ፦ የሁለቱ ማኅበራት የጋራ ማመልከቻ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ (ኤድመንተን)

ውድ አባላት፣ በካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር ያሉት የኤድመንተንና የካልጋሪ ማኅበሮቻችን ለወጣቶቻችን የሚያዘጋጁት የታሪክ ጉዞ በአንድ የጋራ ማመልከቻ እንዲቀርብ መስማማታችን ይታወሳል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። የሚጨመረውንም የሚሰረዘውንም ሳትቆጠቡ ጻፉ። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጆርጅ ማክዱጋል ከስኮትላንዳውያን ወላጆች በ1821 በኪንግስተን፣ በዛሬዋ ኦንታሪዮ ተወለደ። በ1842 ኤልዛቤት ቻንትለርን አገባ፤ በ1854 የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ተሾመ። በ1860 ቤተሰቡን ይዞ ከዊኒፔግ ሐይቅ በስተሰሜን ወደሚገኘው ኖርዌይ ሃውስ ሄደ። በ1863 በሰሜን ሳስካችዋን ወንዝ ዳር በቪክቶሪያ ሚሲዮን ሰፈሩ፤ በ1871 ወደ ኤድመንተን ምሽግ መጡ። ልጁ ጆን በ1873 በቦው ወንዝ ዳር የሞርሌይን ሚሲዮን ከፈተ። አባትየው በጥር 1876 በካልጋሪ አቅራቢያ ለጎሽ አደን እንደወጣ በብርድ ሞተ። ይህ ጉዞ ወጣቶቻችን ባዶ ምድር ያቀናውን የዚህን ቤተሰብ ጽናት አርአያ አድርገው እንዲያድጉ ይረዳል።»

መንገዱ ከኤድመንተን ወደ ቪክቶሪያ፣ ከዚያ ወደ ኤድመንተን ተመልሶ በካልጋሪ በኩል ሞርሌይ የሚያደርስ ነው።

የጭነት መኪና አሽከርካሪ አባል (ካልጋሪ)

እህቴ፣ ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቂቁ ጥሩ መነሻ ሆኖናል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ይውጣ፤ በተለይ «ባዶ ምድር» የሚለው። ክሪዎቹ፣ ብላክፉቶቹ፣ ስቶኒ ናኮዳዎቹ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የኖሩበት አገር ነው። ማክዱጋል ራሱ የመጣው ሰው ስለነበረ ነው፤ ባዶ ምድርማ ሰባኪ አይጠራም።

የአሟሟቱ ነገር ደግሞ በአንድ መስመር ሊታለፍ አይገባም። ልጆቻችን የአልበርታን ክረምት ያውቁታልና ይህን ክፍል ከማንም በላይ እነሱ ይረዱታል። ያን ቀን አባትና ልጅ አድነው የክረምቱን ሥጋ ጭነዋል፤ መሽቷል። ሽማግሌው «እኔ ቀድሜ ሰፈር ልድረስና እራት ላዘጋጅ» ብሎ በፈረሱ ተለየ። እነ ጆን ሰፈር ሲደርሱ እሱ የለም። ለቀናት ፈለጉት። አስከሬኑ የተገኘው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው፤ የተቀበረውም ሞርሌይ ነው። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበር፤ አገሩን ከማንም ፈረንጅ የተሻለ የሚያውቅ ሰው። እኔ በእነዚህ መንገዶች በጥር ሌሊት እነዳለሁ። ውሽንፍር ሲነሣ ከፊት ያለው መንገድ እንዴት እንደሚጠፋ ስለማውቅ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ነርስ አባል (ኤድመንተን)

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ግን ስለ ቤቱ ሴቶች መናገር እፈልጋለሁ፤ ረቂቁ ውስጥ ኤልዛቤት ከጋብቻዋ ቀን በኋላ ጠፍታለች።

በ1870 በሜዳው አገር የፈንጣጣ ወረርሽኝ ገባ። ከክሪና ከብላክፉት ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በቪክቶሪያ ሚሲዮንም ማክዱጋል ራሱ ታመመ። ሴት ልጆቹ ፍሎራና ጆርጂያና ሞቱ፤ በማደጎ ያሳደጓት አናም ሞተች። በአንድ መከር ሦስት ልጅ ማለት ነው። ሐኪም በሌለበት ቤት ስታስታምም የከረመችው እናት ናት። በተከታዩ ዓመት የጆን ሚስት አቢጌል አረፈች፤ እሷም ትንንሽ ሴት ልጆች ትታ ነው የሄደችው።

አቢጌል ማን እንደነበረች ይጻፍ። አባቷ ሄንሪ በርድ ስታይንሃወር የኦጂብዌ ተወላጅ የሆነ የሜቶዲስት አገልጋይ ነበር፤ ማክዱጋል ከመምጣቱ ዓመታት በፊት በኋይትፊሽ ሐይቅ ሚሲዮን መሥርቶ በክሪ ቋንቋ ሲያስተምር የኖረ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ክሪ ከተረጎሙት አንዱ። እንግዲህ «ፈር ቀዳጅ» የሚለውን ማዕረግ ለማክዱጋል ብቻ ከሰጠነው ስታይንሃወርን ምን ልንለው ነው?

ሌላው ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ነው። በ1876 በመንግሥትና በነባር ሕዝቦች መካከል ስድስተኛው ውል ሲፈረም የክሪ አለቆች በየመንግሥት ወኪሉ ቤት የመድኃኒት ሣጥን እንዲቀመጥ፣ ረሃብና መቅሠፍት ሲመጣም መንግሥት እንዲረዳ አስጽፈዋል። ይህን ያስጻፋቸው ያ ፈንጣጣ ነው፤ ስድስት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ያ የመድኃኒት ሣጥን አንቀጽ ዛሬም የነባር ሕዝቦች የጤና መብት በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። ኤድመንተን በዚህ ውል ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ልጆቻችን እዚህ ተወልደው ይህን ሳያውቁ ማደግ የለባቸውም። ቪክቶሪያ ስንደርስ የልጆቹን መቃብር ታሪክና የሣጥኑን ታሪክ በአንድ ላይ ብንነግራቸው መልካም ነው።

የወጣቶች አስተባባሪ (ኤድመንተን)

እስካሁን ማንም ያላነሣው ትልቅ ነገር አለ፤ ድንጋዩ።

በአይረን ክሪክ አጠገብ በአንድ ኮረብታ ላይ 145 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከሰማይ የወደቀ የብረት ድንጋይ ነበር። ክሪዎችም ብላክፉቶችም ቅዱስ አድርገው ያከብሩታል፤ በዚያ ያለፈ አዳኝ መባ ሳያስቀምጥ አያልፍም። የማኒቱ ድንጋይ ይባላል። በ1866 ማክዱጋል ድንጋዩን አስነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሚሲዮን አስወሰደው። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ከቦታው ከተነሣ በሽታ፣ ጦርነትና ረሃብ ይመጣል ብለው ነበር። በአራት ዓመት ገደማ ፈንጣጣው መጣ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ጎሹ ከሜዳው ጠፋና ረሃቡም ተከተለ። ድንጋዩ ወደ ኦንታሪዮ ተወሰደ፤ ወደ አልበርታ የተመለሰው ከተነሣበት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አሁን ኤድመንተን መሃል ከተማ በሮያል አልበርታ ሙዚየም ይገኛል፤ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች ወደ ቀድሞ ስፍራው እንዲመለስ ሲጠይቁ ኖረዋል።

በእኛ ቤት ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ታቦታት እስከ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። በ2002 ከኤድንብራ ቤተ ክርስቲያን አንድ ታቦት ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡ እንዴት እንደወጣ እናስታውሳለን። ታቦታችን ይመለስልን የምንል ሰዎች የማክዱጋልን ታሪክ ያለ ድንጋዩ ብንናገር እናፍራለን። ስለዚህ የጉዞው መጀመሪያ ሙዚየሙ ይሁን፤ ቪክቶሪያና ሞርሌይ ከዚያ ይከተሉ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር (ካልጋሪ)

ልጄ፣ ያነሣኸው ነገር እውነት ነው፤ ድንጋዩም ይግባ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ታቦት ለእኛ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ድንጋዩ ለእነሱ ምን እንደሆነ የሚናገሩት ግን እነሱ ናቸው። ንጽጽሩን ከልጆቻችን ጋር በአማርኛ እንነጋገርበት፣ ማመልከቻው ላይ ግን አይጻፍ። የሌላውን ሰው ቅዱስ ነገር በራሳችን ስም ጠርተን ካስገባነው እኛም ድርሻችንን እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

ከወላጆች የሚመጣውንም ጥያቄ ከአሁኑ እንዘጋጅበት። «ኦርቶዶክስ ሆነን የሜቶዲስት ሰባኪ ምን አደረገልን?» የሚሉ አሉ፤ ባለፈው እሑድም ተጠይቄአለሁ። መልሴ ይህ ነው፦ ስለ ሰውየው ልንሰብክ አይደለም፤ የምንኖርበት ከተማ እንዴት እንደተመሠረተ ልናውቅ ነው። የእሱ ጉባኤ በኤድመንተን በ1873 የሠራው የግንድ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። እኛም ከአገር ወጥተን በሰው ምድር የሰፈርን ነን። ከእኛ በፊት የሰፈረው ቤተሰብ ምን መልካም ሠራ፣ ምን አጠፋ ብሎ መጠየቅ ለስደተኛ ልጅ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ደግሞም ለፊደል ለሚማሩ ልጆቼ የማሳያቸው አለኝ። ማክዱጋሎች በ1860 ኖርዌይ ሃውስ ሲደርሱ ከእነሱ በፊት በዚያ የነበረው ሜቶዲስቱ ጄምስ ኢቫንስ በ1840 የክሪ ፊደል አውጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ምልክት እንደ እኛ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ምልክቱ ሲዞር አናባቢው ይለወጣል። ኢቫንስ ማተሚያ ስላልነበረው የሻይ ሣጥን እርሳስ አቅልጦ ፊደሎቹን ቀረጸ፤ ቀለሙን ከጥላሸት ሠራ። ሰንጠረዡን ለልጆቹ እኔው አዘጋጃለሁ።

ገንዘብ ያዥ (ካልጋሪ)

አጭር አስተያየት አለኝ። ከኤድመንተን ካልጋሪ 300 ኪሎ ሜትር፣ ከካልጋሪ ሞርሌይ 60 ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ለልጆች አይሆንም። ሁለት ቀን ይሁን፤ የኤድመንተን ልጆች በካልጋሪ ቤተሰቦች ቤት ይደሩ። የሆቴል ወጪ ከበጀቱ ይሰረዛል፤ ማደሪያውና ምግቡ ማኅበራቱ በዓይነት ያዋጡት ተብሎ ይመዝገብ። ሞርሌይ ያለው የ1875 ቤተ ክርስቲያን በ2017 ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተቃጥሎ ከተረፈው እንጨት ጋር እንደገና የተጠገነ ነው፤ ስለዚህ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለብን።

ነርስ አባል (ኤድመንተን)

ስለ ሞርሌይ ካነሣን ትምህርት ቤቱም ይነሣ። ጆን በዚያ ያቋቋመው የሕፃናት ማሳደጊያ ቆይቶ የስቶኒ ናኮዳ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚኖሩበት ትምህርት ቤት ሆነ። ሜቶዲስቶች በ1925 የተቀላቀሉት የካናዳ የተባበረችው ቤተ ክርስቲያን በ1986 ነባር ሕዝቦችን፣ በ1998 ደግሞ ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ ጠይቃለች። ይቅርታ የጠየቀችው ራሷ ቤተ ክርስቲያኗ ናት፤ እኛ እንግዶቹ ልንሸፍነው አይገባም። ለትንንሾቹ በልካቸው ይነገር እንጂ አይዘለል።

የጭነት መኪና አሽከርካሪ አባል (ካልጋሪ)

እኔም ይህንን እደግፋለሁ። አባትየውን ጆርጅን ግን ከክሱ በታች አንቅበረው። በ1875 መንግሥት ለክሪ አለቆች «የውል ተደራዳሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ይመጣሉ» ብሎ እንዲነግር የላከው እሱን ነው። አለቃው ቢግ ቤር የመለሰለትን ማክዱጋል ሳይለዝብ ጽፎ ለሌተናንት ገዥው ሞሪስ ላከ፦ ለቀበሮ ወጥመድ ሲጠመድ ዙሪያውን ሥጋ ይበተናል፣ ቀበሮው ሲያዝ ግን ጭንቅላቱን ይመታል፤ ማባበያ አንፈልግም፣ አለቆቻችሁ እንደ ወንድ መጥተው ያነጋግሩን። ይህ ቃል ዛሬ በእጃችን ያለው ማክዱጋል ስለጻፈው ነው። ድንጋዩን ያስነሣውም፣ ይህን በሐቅ የመዘገበውም አንድ ሰው ነው፤ ልጆቹ ሁለቱንም ይስሙ።

ጸሐፊ (ኤድመንተን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ በዚህ ተክቼዋለሁ፦

«ጉዞው በማኒቱ ድንጋይ ፊት ይጀመራል። ከዚያ በቪክቶሪያ የ1870ውን ፈንጣጣ፣ የማክዱጋልን ሦስት ሴት ልጆችና በሺዎች የሚቆጠሩትን የነባር ሕዝቦች ሟቾች፣ የመድኃኒት ሣጥኑንም አንቀጽ እንማራለን። በሁለተኛው ቀን በሞርሌይ የጆርጅን ሞት፣ የጆንን ሚሲዮንና የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንሰማለን። የስታይንሃወር ቤተሰብ ሥራ ከማክዱጋሎች ሥራ እኩል ይቀርባል። ስለ ድንጋዩና ስለ ትምህርት ቤቱ የሚናገሩት የነባር ሕዝቦች ተናጋሪዎች ይሆናሉ፤ ለተናጋሪዎቹ የሚከፈለው ከበጀቱ ቅድሚያ ያገኛል።»

የታቦቱ ንጽጽር በካልጋሪው መምህር ምክር መሠረት ከማመልከቻው ውጭ ሆኗል።

የወጣቶች አስተባባሪ (ኤድመንተን)

በዚህ ተስማምቻለሁ። አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ይስተካከል፦ ለስቶኒ ናኮዳ አስተዳደርና ለክሪ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ሳንጽፍ ማመልከቻው አይግባ። ፈቃደኛ ካልሆኑ ወይም ሌላ መልክ ይኑረው ካሉ ዕቅዱ ይቀየራል። ስማቸውን ጽፈን ኋላ መጠየቅ አይሆንም።

ጸሐፊ (ኤድመንተን)

ተቀብዬዋለሁ። የክሪዎቹን ደብዳቤ እኔ፣ የስቶኒ ናኮዳዎቹን የካልጋሪው መምህር ይጻፉ፤ ከመላኩ በፊት ሁለቱም እዚህ ይቅረቡ። ገንዘብ ያዣችን የአውቶቡሱን ዋጋ ከሁለት ድርጅት ይጠይቁ። በካልጋሪ ልጆች የምታሳድሩ ቤተሰቦች ስንት ልጅ እንደምትቀበሉ ለአሽከርካሪው አባላችን አሳውቁ። መልስ እስኪመጣ ማመልከቻው በረቂቅነት ይቆያል።