የሕግ ሰውነት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የምክረ ሐሳባችን ሦስተኛ አንቀጽ

ጸሐፊ (ደብረ ማርቆስ)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሕግ ሰውነት (ማለትም በስሙ መብትና ግዴታ ኖሮት የመክሰስና የመከሰስ ችሎታ) እንዳይሰጠው የሚጠይቀው የምክረ ሐሳባችን ሦስተኛ አንቀጽ «ነፍስ የሌለው ነገር ሰው ሊባል አይገባም» በሚል ምክንያት ላይ የቆመ ስለሆነ እንዲቀየር እጠይቃለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለማኅበራት የሕግ ሰውነት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 398 ቤተ ክርስቲያንንም በሕግ ፊት እንደ ሰው ይቆጥራታል። ስለዚህ በነፍስ ከተከራከርን ገና በመጀመሪያው ጥያቄ እንረታለን። መጠየቅ ያለብን ጉዳት ሲደርስ ካሣው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለውን ነው።

የወምበርማ በቆሎ አምራች የስልክ መተግበሪያ በነገረው መጠን ፀረ አረም ረጭቶ ማሳው ቢቃጠልበት ማንን ይክሰስ? መተግበሪያው ራሱ «ሰው» ከተባለ፣ ገበሬው የሚገጥመው ቤትም ጥሪትም የሌለው ተከሳሽ ሲሆን፣ አትርፎ የሸጠው ድርጅት ግን ከነገሩ ነጻ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 ከብት ላደረሰው ጉዳት፣ ከብቱ ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ በእኛም ዘንድ በሬ የሰው አዝመራ ቢያጠፋ ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ባለቤቱ ነው።

አባል (ቡሬ)፦
በመደምደሚያው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ባሕር ማዶ ያለ ከሆነስ? የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2081 ስለ ማሽንና ስለ ተሽከርካሪ፣ አንቀጽ 2085 ስለ ተመረተ ዕቃ ይናገራሉ እንጂ ሶፍትዌርን በስም አያነሡም። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2017 «ኤሌክትሮኒክ ሰው» የሚለውን፣ ማለትም ለሮቦቶች የሕግ ሰውነት የመስጠትን ሐሳብ በውሳኔው ያቀረበውም ለዚሁ የኃላፊነት ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነበር።

ጸሐፊ፦
ያነሡት ክፍተት በእርግጥ አለ። ሆኖም ያው ውሳኔ የግዴታ ኢንሹራንስንና የካሣ ፈንድንም በአማራጭነት አቅርቦ ነበር፤ ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሕግ ሰውነት መስጠት አያስፈልግም ብሏል። ኢንሹራንሱን ወስደን «ሰው»ነቱን እንተው። ሳዑዲ ዓረቢያ ሶፊያ ለተባለችው ሰው መሰል ሮቦት ዜግነት የመስጠቷ ነገር (አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻችን በሶፍትዌሯ ላይ መሥራታቸው ቢያኮራም) ለክርክራችን ስለማይጠቅም ከምክረ ሐሳቡ መግቢያ ይውጣ። ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ቢሆንስ፦ «በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ማሽን የተባለው ሶፍትዌርንም እንዲጨምር፣ የውጭ አቅራቢም በአገር ውስጥ ተከሳሽ መሆን የሚችል ወኪልና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ይደንገግ»?

አባል (ባሕር ዳር)፦
ተስማምቻለሁ፤ ነገር ግን ገና የሚፍጨረጨሩ የአገር ውስጥ ሠሪዎች በኢንሹራንስ ክፍያ እንዳይታነቁ፣ ግዴታው ጤናን፣ ብድርንና እርሻን በሚነኩ አገልግሎቶች ብቻ ይወሰን። ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ከስብሰባው በፊት አቀርባለሁ።