ጥቁር ውሻ ከፎቶ እንዲሳል ሲታዘዝ ለሰዓሊው ምን ይሰጣል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጥቁር ውሻ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ሸራ ላይ በዘይት ቀለም እንዲሳልልኝ ላዝዝ ነው። ያሉኝ ፎቶዎች ማታ በፍላሽ የተነሱ ናቸው፤ ዓይኑ አረንጓዴ ያበራል፣ ፀጉሩም ድፍን ጥቁር ነው። ሰዓሊው ያስተካክለዋል ወይስ እንደገና ላንሳው? ቀብድ ከመክፈሌ በፊትስ በምን በምን እንስማማ?

መልስ 1፦
እንደገና ያንሱት። ፎቶው ላይ የሌለውን ሰዓሊው የሚሞላው በግምት ነው፤ ያኔ የሚሳለው የእርስዎ ውሻ ሳይሆን እንዲሁ አንድ ጥቁር ውሻ ይሆናል። ፍላሹን አጥፍተው፣ ቀን፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ። ስልኩ ላይ ፊቱን ነክተው ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ከኋላው ያለው ቢነጣም ግድ የለም፣ የሚፈለገው የፀጉሩ አስተኛኘት ነው። ቁጢጥ ብለው ከዓይኑ ትክክል ይሁኑ፤ ግን አይጠጉ። የስልክ ካሜራ ከቅርብ ሲያነሳ አፍንጫውን ያገዝፋል፣ ጆሮውን ያሳንሳል፤ ከፎቶው የሚቀዳ ሰዓሊም ይህንኑ ይደግመዋል። 2 ሜትር ያህል ርቀው በ2 እጥፍ ዙም ያንሱ። ዓይኑ ውስጥ የመስኮቱ ነጸብራቅ ይታይ፤ ያቺ ነጥብ ከሌለች ሥዕሉ በድን ነው።

መልስ 2፦
አላላኩ ተረሳ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፤ «ፋይል» ብለው ይላኩ። አንዱ ፎቶ ለአቀማመጡ፣ ሁለት ሦስቱ ለቀለሙ። ከውሻው አጠገብ ነጭ ወረቀት አድርገው አንድ ያንሱ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ ሰዓሊው ከፎቶው ቀለም ምን ያህል ቢጫ እንደሚቀንስ ያውቃል። ደግሞ ከዚህ በፊት የሣለውን ጥቁር እንስሳ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ጥቁር ፀጉር ከቱቦ በወጣ ጥቁር ብቻ አይሳልም፤ ብርሃን የነካው ቦታ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይወጣዋል።

መልስ 3፦
ስለ ስምምነቱ፦ ንድፉን አይተው ሳይፈቅዱ ቀለም እንዳይጀመር በጽሑፍ ይሁን። ንድፉ ላይ የዓይኖቹን ርቀትና የአፉን ርዝመት ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ፤ እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፣ በቀለም የተሠራን ዓይን ማዛወር ግን ፍቆ እንደገና መሣል ነው። የአንገት ማሰሪያው ይግባ ይቅር፣ ከጀርባው ምን ቀለም ይሁን፣ ስንት ጊዜ እርማት ይደረግ፤ ይህም ይጻፍ። የዘይት ቀለም በእጅ ለመንካት እንኳ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቫርኒሽ (የደረቀውን ሥዕል የሚከላከለው ግልጽ ቅብ) ደግሞ በተለምዶ ከ6 ወር በኋላ ነው፤ ማን እንደሚቀባው አሁኑኑ ይጠይቁ። ለቅርብ ቀን ስጦታ ከሆነ ቶሎ የሚደርቀው አክሪሊክ ቀለም ይሻላል።