ሞተርሆሜ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እንቢ ይላል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መኝታና ማብሰያ ያለው የናፍጣ ሞተርሆም ነው የያዝኩት። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ቁልፉን ሳዞር አንዳንዴ ወዲያው ይነሳል፣ አንዳንዴ "ቀጭ" ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ሰዓቱም ወደ ዜሮ ይመለሳል። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ስሞክር ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። የሚብስበት ረጅም መንገድ ነድቼ ሞተሩ ሲግል ነው።

ባትሪው አዲስ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሲሠራ 14.2 ያሳያል፤ ስለዚህ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አልጠረጠርኩም። እንቢ ባለኝ ሰዓት ግን ቴስተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት አድርጌ ቁልፉን ሳስዞር 3 ቮልት አነበበ። ግማሽ ቮልት እንኳ ማለፍ አልነበረበትም! ከስር ገብቼ ሳይ፣ ከባትሪው ወደ ሻሲው (የመኪናው ዋና ብረት) የሚሄደው የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ በጣቴ ስነካው ይወዛወዛል።

ገመዱን ቀይሬ ሻሲውን እስኪያበራ ብፍቀው ይበቃል ወይስ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም ላስፈትሽ? የውስጡ መብራትና የውሃ ፓምፑ በሌላ ባትሪ ነው የሚሠሩት፣ ግን እነሱም ብልጭ ድርግም ማለት ጀምረዋል። ማሳቸው እዚያው ቡሎን ላይ ታስሮ ይሆን? ልጆች ይዤ ነው የምጓዘው፣ መንገድ ላይ መቅረት በጣም ያስፈራኛል። ይህ የገጠመው ካለ ከየት እንደጀመረ ቢነግረኝ።