ጌቢር 5ኛው መጽሐፍ ላይ ተቆረጠብኝ፣ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ!

ሀና፦ ድረሱልኝ! ፋይሌ ዳሊካ ወደ ፈራረሰችው ከተማ ሄዳ ከእህቷ ጋር የመርዙን ልብስ ስታዘጋጅ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ ነው። ነገ 3 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ የማቀርበው ካሮባ ጌቢርን ለምን እንዳስገደለችው ነው።

የሰፈር ልጅ፦ ጌቢር ማነው? ተጫዋች ነው?

ሚኪ፦ አጥፍተሽ እንደገና አውርጂው።

ጋሽ አንባቢ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የምን መጽሐፍ እንደሆነ ንገሪያቸው። እንግሊዛዊው ዋልተር ሳቬጅ ላንዶር እ.ኤ.አ. በ1798 ስሙን ሳይጽፍ ያሳተመው፣ «መጽሐፍ» በሚባሉ ሰባት ክፍሎች የተከፈለ ረጅም ግጥም ነው። ጌቢር የሚባል ከስፔን ምድር የመጣ ንጉሥ ግብፅን ሊወር ይዘምትና ከንግሥቲቱ ከካሮባ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ናፖሊዮንም ግብፅ የገባው በዚያው ዓመት ነበር። ላንዶር በግጥሙ ናፖሊዮንን ከሰው ሁሉ በላይ አድርጎ አወድሶት፣ በ1803 እንደገና ሲያሳትመው ግን ሐሳቡን መለወጡን በማስታወሻ ጻፈ። ይህን ሳታነሺ እንዳታልፊ።

ሀና፦ እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። መጨረሻውስ?

ሚኪ፦ እንደገና አውርጂው አልኩሽ እኮ።

ትርሲት፦ ሀናዬ፣ ርዕስሽ ራሱ ልክ አይደለም። ካሮባ አላስገደለችውም፣ ትወደዋለች! ስትጨነቅ ያየቻት ሞግዚቷ ዳሊካ ናት ንጉሡን የፈራችው መስሏት ሴራውን የጠነሰሰችው። ካሮባ ስለ መርዙ አታውቅም። 6ኛው መጽሐፍ የጌቢር ወንድም ታማር ከሚወዳት የባሕር ልጅ (ኒምፍ፣ በባሕር የምትኖር መንፈስ) ጋር የሚጓዝበት ነው፣ የናፖሊዮን ውዳሴም እዚያ ነው። 7ኛው የመጨረሻው ነው። በሰርጉ ቀን ልብሱን ያለብሱትና እዚያው ካሮባ ፊት ይሞታል። ለቅሶዋን ሳነብ እኔም አልቅሻለሁ። ጉተንበርግ የሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ሙሉው በነፃ አለ፣ ፒዲኤፉን ተዪውና ጽሑፉን ክፈቺ።

ሀና፦ ወይኔ! ስላይዱን በሙሉ በሷ ላይ ነው የሠራሁት። እስከ ንጋት ይደርስልኝ ይሆን?

ትርሲት፦ ይደርሳል። «ካሮባ ለምን» የሚለውን «ዳሊካ ለምን» አድርጊው። ደግሞ 3ኛውን መጽሐፍ ጨምሪበት። ጌቢር ወደ ሙታን ዓለም ወርዶ ነገሥታት አያቶቹ ሲቀጡ ያያል። የሥልጣን ጥመኝነቱ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ሚኪ፦ ወረደልሽ?

የሰፈር ልጅ፦ እኔ አውርጄ ማንበብ ጀመርኩ። ታማር በግ አስይዞ ከባሕር ልጅ ጋር ትግል ገጥሞ ተሸነፈ! ይሄን ማን ነገረኝ? ሀና፣ አለሽ?