ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ለጎንደር ሕፃናት

ጥያቄ፦ በጎንደር የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። በእጄ ያለው የሥዕል መጽሐፍ በአውሮፓ መጸው ቅጠሎች ቀልተው ሲረግፉ በማሳየት ስለ ለውጥ ያስተምራል፤ የአምስት ዓመት ልጆቼ ግን «ዛፉ ታሞ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ ጥያቄያቸው ጥሩ መነሻ ነውና አይለፉት። በዚያ አገር ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም ማደስ ስለሚያቆም፣ ቀድሞም በቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ለሕፃናት «ዛፉ ለብርዱ እየተዘጋጀ ነው» ማለት ይበቃል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ግን መጽሐፉን ከመግለጥዎ በፊት ልጆቹን ይዘው ይውጡ እላለሁ። የእኛ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ስለሆነ፣ ሜዳውን ቢጫ ያለበሰው አደይ አበባ ሲደርቅ፣ አረንጓዴው የጤፍ ማሳ መልኩን ሲለውጥ፣ የአንገረብም ውኃ ሲጎድል በዓይናቸው ያያሉ። አንድ ቦታ መርጠው በየሁለት ሳምንቱ እንዲሥሉት ያድርጉ፤ ሥዕሎቹ ሲጠረዙ የራሳቸው መጽሐፍ ይሆናሉ። በነገራችን ላይ፣ ተርጓሚው ወቅቱን «በልግ» ብሎት ከሆነ ያርሙት፤ የእኛ በልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ነው።

ጠያቂዋ፦ «በልግ» ነው የሚለው! ነገውኑ አርመዋለሁ፤ ሥዕሉንም ከአጥራችን ሥር ካለው አደይ አበባ እንጀምራለን።