«ፊልም እኮ ነው»

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ «ፊልም እኮ ነው፣ አታካብዱ» የተባለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣው የጃክ ኒኮልሰን ፊልም ነው። የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ሰውየውን ይዘው፣ ያለ ማደንዘዣ ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። እናቴ ይህን አይታለች። አእምሮውን የታመመ ወንድሜን ልናሳክም ስንነሳ በሩ ላይ ቆማ «ልጄን አታቃጥሉትም!» አለች። ስምንት ወር ቤት ተቀመጠ።

ሳቢያኑ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ለወንድምህ ከልቤ አዝናለሁ፣ አቦ። ግን ፊልሙ ዋሸ እንዴ? የኤሌክትሪክ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ሲጀመር ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ነርስ ነኝ፦ አልነበረውም። ዛሬ ግን በሽተኛው በማደንዘዣ ይተኛል፣ ጡንቻው እንዲላላም መድኃኒት ይሰጠዋል። ያውም በአብዛኛው ለከባድ ድብርት እንጂ ለሁሉም አይደለም። ፊልሙን ያየ ይህን ማን ነገረው?

ሳቢያኑ፦ ፊልም ሠሪ የጤና አስተማሪ አይደለም።

የገንደ ቆሬዋ፦ የኛዎቹስ? እብድ ሲሉ ቡትቶ አልብሰው መንገድ ላይ ያስጮሁታል። አዳራሹ ይስቃል። ጎረቤታችን ሥራ የሚሄድ፣ ልጆች የሚያሳድግ በሽተኛ ነው። እሱን የሠራ አለ?

ደቻቱ፦ እኔ የምለው፣ የጫቱን ነገር ለምን ማንም አያነሳም?

የገንደ ቆሬዋ፦ ሁሉን በጫት አታሳብ! ያባብሳል፣ እሺ። ቅሞ የማያውቅም ይታመማል።

ሳቢያኑ፦ ወደ ፊልሙ እንመለስ። ሁሉም አያስፈራራም። «ኤ ቢውቲፉል ማይንድ» ላይ አእምሮውን የታመመው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናሽ አዳዲሶቹን መድኃኒቶች እየወሰድኩ ነው ይላል። እውነተኛው ናሽ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ አልወሰደም። እንግዲህ ለበጎ ሲዋሽስ?

ነርስ ነኝ፦ ሕክምና የሚያስጥል ውሸት ሰው ይገድላል። ያኛው አይገድልም።

ሳቢያኑ፦ ስለዚህ የሚጠቅምሽን ውሸት ትፈቅጃለሽ ማለት ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ወንድሜ ዛሬ መድኃኒት ላይ ነው። መጀመሪያ አፍዞት ነበር፤ ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰለት። አሁን ማታ ማታ ክኒኑን መዳፉ ላይ የምታስቀምጥለት እናቴ ናት። እስኪውጥ ቆማ ታየዋለች። ቅዳሜ ቤት ናና «ፊልም እኮ ነው» ያልከውን ለሷ ንገራት። ሆጃ ታፈላልሃለች።

ሳቢያኑ፦ እመጣለሁ። ግን የናሽን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም።

ደቻቱ፦ የጫቱንም።