«ሴሉ የማን ነው?» የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የተስማማንበት ርዕስ «በእርግዝና ወቅት ኢንፌክሽን ሲገባ የእንግዴ ልጅ መከላከያ ሴሎች ምን ያደርጋሉ?» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ባሕር ነው። እንዲሁ ከላክነው ገምጋሚው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይጥለናል። ረቂቁ ላይ ሦስት ጠላት አስገብቻለሁ፦ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ፣ ዚካ ቫይረስና የወባው ተውሳክ ፋልሲፓረም። እናጥብበው።

ፓቶሎጂስት፦ የሦስቱም መንገድ ይለያያል። የወባው ተውሳክ የሚሰፍረው የእናት ደም በሚዞርበት ክፍተት ውስጥ ነው። በተውሳኩ የተያዘው ቀይ ደም ሴል ቫርቱሲኤስኤ በሚባለው ፕሮቲን ተጠቅሞ በእንግዴ ልጁ ገጽ ላይ ባለው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ በሚባል የስኳር ሰንሰለት ላይ ይለጠፋል። የእናት ሞኖሳይቶች፣ ማለትም በደም የሚዞሩ ዋጭ ነጭ ደም ሴሎች፣ ወደዚያው ይጎርፋሉ። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው የወባውን ቡናማ ቀለም ውጠው ሆዳቸው ሞልቶ ነው የማገኛቸው። ዚካ ደግሞ በእንግዴ ልጁ ቅርንጫፎች (የእናት ደም በሚዞርበት ክፍተት ውስጥ በተዘረጉት ጣት መሰል የጽንስ ቲሹዎች) ውስጥ ያሉትን ሆፍባወር ሴሎች ያጠቃል። እነዚህ የጽንሱ ማክሮፌጆች፣ ማለትም ቲሹ ውስጥ የሚኖሩ ዋጭ መከላከያ ሴሎች፣ ናቸው። ሁለቱንም «የእንግዴ ልጅ ማክሮፌጅ» ብለን ከጻፍን ገና ከርዕሱ ተሳስተናል።

ኢሚዩኖሎጂ፦ ፕሮፍ፣ ከአፌ ነጠቁኝ። ቅርንጫፎቹን በኤንዛይም ፈትተን የምናወጣው ሁሉ ሆፍባወር ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሥራ ግን የእናት ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ ከቅርንጫፉ ገጽ ላይ ተጣብቀው አብረው እንደሚወጡ አሳየ። የድሮ ውጤቶቼን መልሼ ሳይ አፈርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መለያ አለን፤ ሆፍባወር ኤችኤልኤ-ዲአር የሚባለውን የሴል ገጽ ፕሮቲን አያወጣም፣ ኤፍኦኤልአር2 የሚባለው ግን አለው። እርግዝናው ሲገፋ ግን እሱም ኤችኤልኤ-ዲአር ማውጣት ይጀምራል፤ ያኔ መለያው ይከዳናል። መጀመሪያ «የማን ነው?» እንበል። «ምን ያደርጋል?» ከዚያ ይምጣ።

ስታቲስቲክስ፦ በዋይ ክሮሞዞም አይለይም?

ኢሚዩኖሎጂ፦ ጽንሱ ወንድ ሲሆን ብቻ ነዋ። ግማሹን ናሙና ልትጥልብኝ ነው? የእናትን ደምና የእትብት ደም ጂኖታይፕ ካደረግን፣ ማለትም የዘረመል ልዩነታቸውን ካነበብን፣ እያንዳንዱ ነጠላ ሴል ከየት እንደመጣ ከዘረመል ቅደም ተከተሉ ይነበባል።

ፓቶሎጂስት፦ ይግባ። እኛ ይህን በዓይን የምንለይበት ቦታም አለ። የሽርት ውሃው ሽፋን ሲመረዝ እዚያ የሚሰፍረው ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ደም ሴል በአብዛኛው የእናት ነው። በእትብቱ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የማየው ግን የጽንሱ ነው።

አዋላጅ፦ ሁላችሁም ስለ ሴል ታወራላችሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የወጣውን እንግዴ ልጅ ማን ይቀበለኛል? እስኪነጋ ባልዲ ውስጥ ከቆየ የምታነቡት የባልዲውን ታሪክ ነው። ፈቃድም በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ ይጠየቅ። ምጥ የያዛትን ሴት «እዚህ ፈርሚ» አልላትም፣ ከአሁኑ እወቁት።

ስታቲስቲክስ፦ ሲስተር ምጥን ካነሱ አይቀር፣ ምጥ ራሱ ያለ ምንም ኢንፌክሽን ነጭ ደም ሴሎችን ይጠራል። ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ጥገና የወለዱትንና በምጥ የወለዱትን ከቀላቀልን ያንን ኢንፌክሽን ብለን እንጽፈዋለን። የእርግዝና ቁጥርም ይመዝገብ። ወባ የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይበረታል፤ በየእርግዝናው ፀረ እንግዳ አካል እየዳበረ ይሄዳል። ሌላው፣ ከወሊድ በኋላ ብቻ ማየት እሳቱ ከጠፋ በኋላ አመዱን እንደመመርመር ነው።

ኢሚዩኖሎጂ፦ ለዚህ ነው ሊስቴሪያን የያዝኩት። በእርግዝና መጀመሪያ በማሕፀን ሽፋኑ ውስጥ ካሉት ነጭ ደም ሴሎች እስከ 70 በመቶው ኤንኬ (ተፈጥሯዊ ገዳይ) ሴሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታየውን አስቡት። ኤንኬው ቀጭን ቱቦ ወደ ትሮፎብላስቱ፣ ማለትም እንግዴ ልጁን ወደሚሠራው የጽንስ ወገን ሴል፣ ይዘረጋል፣ ግራኑሊሲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን ያሻግርለታል። ውስጥ የተደበቀው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ትሮፎብላስቱ ይተርፋል። ሌላ ቦታ ቢሆን ሴሉን ራሱን ይገድለው ነበር። እዚህ የጽንሱን ቤት ማፍረስ አይቻልማ።

አስተባባሪ፦ ያምራል፣ ግን የማሕፀን ሽፋን ሌላ ቲሹ፣ ሌላ ፈቃድ ነው። ሦስቱን መሸከም አንችልም። ወባ ለእናት ሴሎች፣ ዚካ ለጽንሱ ሴሎች ይቅሩ። ዚካውን ቲሹ ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምናስይዘው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እናየዋለን። የአመዱ ጥያቄ በከፊል ይመለሳል። ሊስቴሪያ ለሚቀጥለው ዙር።

ኢሚዩኖሎጂ፦ ቅር ብሎኛል። ግን ይሁን፤ የመለያውን ክፍል እኔ እጽፋለሁ።

ፓቶሎጂስት፦ ከእያንዳንዱ እንግዴ ልጅ ስንት ቦታ እንደሚቆረጥ እኔ እወስናለሁ። ከጠርዝና ከመሐል አንድ ዓይነት ነገር አይገኝም።

አስተባባሪ፦ ሲስተር፣ የቅበላውን ሰዓት እርስዎ ይጻፉልን።

አዋላጅ፦ እጽፋለሁ። የሌሊት ተረኛ ስም ባዶ ትቼ እልክላችኋለሁ፤ እናንተ ሙሉት።